ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ፦ የተበተነን ቤተሰብ መታሰቢያ ስለ መጠበቅ

ከአዳማ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሶደሬ በፍል ውኃው የታወቀ ስፍራ ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ጀምሮ ሕመምተኛው ለፈውስ፣ ጤነኛው ለዕረፍት፣ ሙሽራው ለሽርሽር ሲመላለስበት ኖሯል። በዚህም ምክንያት በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአሰላና በአዲስ አበባ በሚኖሩ በብዙ ቤተሰቦች አልበም ውስጥ በሶደሬ የተነሣ ፎቶግራፍ አይታጣም፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እናት ነጠላዋን ለብሳ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ጎረምሶች በዋናው ገንዳ ዳር ተደርድረው ይታያሉ።

ከእነዚህ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ዛሬ በአገር ውስጥ የሉም። ባለቤቶቻቸው በሻንጣቸው ይዘዋቸው ወጥተዋል፤ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች በሳሎን መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። በዚያ የተወለደው ልጅ አልበሙን ገልጦ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መልሱን የምታውቀው አያት አስቀድማ አርፋለች። ፎቶግራፉ ሳይበላሽ፣ ፊቱም ሳይደበዝዝ፣ የሰውየው ማንነት ግን ጠፍቷል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ይህ ጥፋት እንዴት እንደሚደርስ፣ እንዴትስ መከላከል እንደሚቻል ነው።

ፎቶግራፍ ብቻውን አይናገርም

በመጽሐፈ ኢያሱ ወልደ ነዌ እንደምናነበው እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተወስደው በጌልገላ ቆመዋል። ድንጋዮቹ የቆሙት ለጌጥ አልነበረም። ልጆች ወደፊት ትርጉማቸውን ሲጠይቁ አባቶች የሆነውን እንዲነግሯቸው ነበር። ስለዚህ መታሰቢያው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንዱ ድንጋዩ ነው፣ ሁለተኛው የሚናገረው አባት ነው። አባቱ ዝም ካለ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ካሜራ መልክን እንጂ ስምን፣ ዝምድናን፣ የተነሣበትን ምክንያት አይመዘግብም። እነዚህን የሚጨምርበት በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው።

በታሪካችን ውስጥ ይህን በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከተያዘች በኋላ የ7 ዓመቱ ልዑል ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በአይል ኦፍ ዋይት ደሴት ስመ ጥር የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ብቻውንም፣ ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም አድርጋ አነሣችው። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐርፎ በዊንድዘር ተቀበረ። ፎቶግራፎቹ እስከ ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተጠብቀው ይገኛሉ፤ በጥራታቸውም ይደነቃሉ። ነገር ግን ያነሡት፣ የሰየሙት፣ ያስቀመጡትም ሌሎች ናቸው። የሕፃኑን ፊት እናያለን፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ሞግዚቶቹ፣ ስለ አገሩ ለማን ምን ብሎ ይናገር እንደ ነበር ግን ከፎቶግራፉ አንሰማም። የተሰደደ ሰው መልኩ በሌላ እጅ ብቻ ሲጠበቅ ታሪኩም በሌላ አንደበት ብቻ ይነገራል።

እነዚያን ሥዕሎች ማቃለል የዚህ ጽሑፍ ዐላማ አይደለም። ቤተሰብ የራሱን ፎቶግራፍ ራሱ ሲያነሣ፣ ራሱ ሲጽፍበት፣ ራሱም ሲያስቀምጠው የሚገኘው ነገር ሌላ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስደተኞች ያቆዩልን የአገር መልክ

በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ስፍራ ካላቸው መካከል ራሳቸው ከአገራቸው የተበተኑት አርመኖች ይገኙበታል። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱን፣ መኳንንቱንና የከተማውን ቤተሰብ አንሥተዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ ፎቶግራፎችን በሰበሰበው መጽሐፍ ውስጥ የዚያ ዘመን የአገራችን መልክ በሰፊው ይታያል።

የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሕዝቧ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በደረሰበት ታላቅ እልቂት በየአገሩ ተበተነ። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» ተብለው የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። ሙዚቃ ተምረው የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ።

እነዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን ያጡ ስለ ነበሩ አንድ ላይ ሆነው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች ለዘሮቻቸው የቤተሰብ ሐረግ መነሻ ሆነዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከኢትዮጵያ አርመኖች አብዛኞቹ ዳግመኛ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ መንገድና ቤት፣ የኢትዮጵያ ጎረቤትና ሠራተኛ የሚታይባቸው አልበሞች በሩቅ አገር ይገኛሉ። በአንድ የአርመን ቤተሰብ አልበም ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አያት ልትገኝ ትችላለች። ስሟን የሚያውቀው ግን ምናልባት በአዳማ ወይም በድሬዳዋ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች ካልተገናኙ ፎቶግራፉ ከአንዱ ዘንድ፣ ስሙ ከሌላው ዘንድ ተለያይተው ይቀራሉ።

በስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ የሩቅ አገር ልጆች

ስደት ከእኛ የሚወጣ ብቻ አይደለም፤ ወደ እኛም የመጣ አለ። ከአዳማ ወደ ደቡብ በስምጥ ሸለቆው ተጉዘን ሻሸመኔ ስንደርስ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን አገሮች የመጡ ሰዎች የሠሩትን መንደር እናገኛለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን በውጭ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ለኢትዮጵያ ስላደረጉት ድጋፍ ምስጋና ይሆን ዘንድ ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. 5 ጋሻ መሬት ሰጥተዋል። ስጦታው የደረሰው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ ባቋቋሙት በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይዞታው እጅግ ተቀነሰ፤ ሰፋሪዎቹ ግን ከነልጆቻቸው ኖሩ።

ለእነርሱም ፎቶግራፍ ታላቅ ስፍራ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተነሡት ፎቶግራፎች በብዙዎቹ ዘንድ በክብር ይያዛሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በአንዳንዶቹ ዘንድ ያለውን ትምህርት ባትቀበልም ከሕዝቡ ጋር ያላት ግንኙነት የቅርብ ነው፤ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጃማይካ ተልከው ብዙዎችን አስተምረው አጥምቀዋል።

በሻሸመኔ የተወለደው ትውልድ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ አያቶቹ የተወለዱበትን ደሴት ግን ብዙው አላየም። በተጨማሪም ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ዜግነትም ሆነ የጸና የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው ቆይተዋል። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ወረቀት የሌለው ቤተሰብ «እዚህ ኖሬያለሁ፣ እዚህ ወልጃለሁ፣ እዚህ ቀብሬያለሁ» ለማለት የሚያቀርበው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ምስክርነትና ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ፎቶግራፍ የትዝታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

መታወቂያው የሚጠፋባቸው ሦስት መንገዶች

የፎቶግራፍ ታሪክ በአንድ ቀን አይጠፋም። በአገራችን ሁኔታ በተለይ በሦስት መንገዶች ቀስ በቀስ ይሸረሸራል።

የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ሚስትም ስሟን አትለውጥም። በውጭ አገር ግን አንዱ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ የተነሣ የአንድ አባት ልጆች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ይጠሩና ከሁለት ትውልድ በኋላ ዘሮቻቸው ዝምድናቸውን ከወረቀት ላይ ሊያውቁ አይችሉም። ከዚህም ጋር በቤት ውስጥ የምንጠራራው በማዕረግና በቁልምጫ ነው። ልጁ የሚያውቀው «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አዴ» ወይም «እማማ» ብቻ ሊሆን ይችላል። አልበሙ ላይ «ከጋሼ ጋር» ተብሎ ቢጻፍ ለልጅ ልጅ ምንም አይነግረውም።

ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት የተባለችው ከተማ ዛሬ አዳማ ናት፤ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ተብለው ይጠራሉ። በአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ «ናዝሬት» ተብሎ ተጽፎ ያገኘ በውጭ የተወለደ ወጣት ከተማዋን በካርታ ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው የጌታችንን ከተማ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በኛና በጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። በውጭ አገር የታጠቡ አሮጌ ፎቶግራፎች ጠርዝ ላይ ወርና ዓመት ታትሞ ይገኛል። በሶደሬ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ «1971» ተብሎ ቢገኝ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከሆነ ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ገደማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ቁጥሩ በእኛ አቈጣጠር ከሆነ ግን አብዮቱ ፈንድቶ፣ ቀይ ሽብርም አልፎ፣ ከፎቶግራፉ ሰዎች አንዳንዶቹ ታስረው ወይም ሞተው ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ፊደላት በ«ዓ.ም.»ና በ«እ.ኤ.አ.» መካከል የአንድ ቤተሰብ መከራ በሙሉ ይገኛል። ስለዚህ ዓመት ሲጻፍ የትኛው አቈጣጠር እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉም ከሽማግሌው ይጀምራል፤ ማሽኑ ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል፣ ሽማግሌው ግን ነገ ላይገኝ ይችላል።

በመጀመሪያ ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ይዞ መቀመጥ ነው። አልበሙን በፊታቸው ገልጦ አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል፦ እነዚህ እነማን ናቸው? ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይንገሩን። የት ተነሡ? መቼ? በምን ምክንያት? ማን አነሣቸው? ዛሬ የት ይገኛሉ? ዓመቱን የማያስታውሱ እንደሆነ ከሚያስታውሱት ነገር ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ለምሳሌ «ከእገሌ ሠርግ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ነበር?»፣ «ወንጂ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዘመኑን ያቀርባል። ንግግሩን በስልክ መቅዳት ከጽሕፈት ይሻላል፤ ድምፃቸውም ራሱ ቅርስ ነው። የሚናገሩትም በሚወዱት ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በጉራጊኛ ወይም በትግርኛ የተነገረውን በኋላ መተርጐም ይቻላል።

ቀጥሎ የተገኘውን መጻፍ ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ በእስክሪብቶ መጻፍ አይገባም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፣ የብዕሩም ጫፍ ወረቀቱን ያጎድፋል። ለስላሳ እርሳስ በቀስታ፣ በጠርዙ በኩል መጠቀም ይሻላል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ቁጥር ሰጥቶ በደብተር ላይ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የቤት መጠሪያ፣ የክርስትና ስም፣ ዝምድና፣ ቦታ በቀድሞና በአሁን ስሙ፣ ዘመን ከነአቈጣጠሩ፣ የተናገረው ሰው ስምና የተናገረበት ቀን ይመዝገብ። ያልተረጋገጠው ነገር «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ እንደ እርግጠኛ አይጻፍ።

ሦስተኛው ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ስካነር ካለ በ600 ዲፒአይ ጥራት መቅዳት በቂ ነው። ከሌለም በስልክ ማንሣት ይቻላል፤ ፎቶግራፉን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ጠፍጣፋ ስፍራ አኑሮ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ትይዩ አድርጎ ማንሣት ነው። ጽሑፍ ካለበት ጀርባውም ይነሣ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል መላክ ያስፈልጋል። ቅጂዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በተለየ ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ከተማ ወይም አገር በሚኖር ዘመድ ዘንድ። የተበተነ ቤተሰብ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ መበተኑ ራሱ ጥበቃ ይሆነዋል።

በመጨረሻም ዋናው ፎቶግራፍ ራሱ ይጠበቅ። ቅጂ ስለ ተሠራ ዋናው አይጣልም። የአዳማና የመተሐራ ሙቀት፣ አቧራና ፀሐይ ለፎቶግራፍ ጠላቶች ናቸው። በተለይ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የቀሩት ባለ ቀለም ፎቶግራፎች ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛሉ፤ ብዙዎቹም ወደ ቀይ ያደላሉ። በግድግዳ ላይ ቅጂው ይሰቀል፤ ዋናው በወረቀት ፖስታ ተደርጎ፣ በካርቶን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከእርጥብ ወለል ርቆ በቤቱ ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ገጹ የሚያጣብቅ፣ በላስቲክ የሚሸፈን አልበም ፎቶግራፉን ስለሚጎዳ መተው ይሻላል። ከገጹ ጋር የተጣበቀውን ግን በጉልበት ከመላጥ እንዳለ በሙሉ ገጹ መቅዳት ይመረጣል።

አዲስ ፎቶግራፍ ሲነሣ

ከውጭ አገር የሚመጡ ቤተሰቦች በበዓልና በክረምት ዕረፍት ወደ ሶደሬና ወደ አካባቢው ይመጣሉ። በስልካቸው በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ያነሣሉ፤ ብዛቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ከማጣት ይከፋል፤ ስም የሌላቸው መቶ ፎቶዎች እንደ አንድ ስም አልባ ፎቶ ናቸው። ስለዚህ ከደስታው ፎቶ ሌላ ሆን ተብለው የሚነሡ ጥቂቶች ይኑሩ። ቤተሰቡ በሙሉ በትውልድ ቅደም ተከተል ቆሞ፣ አያት በመካከል ተቀምጠው አንድ ፎቶግራፍ ይነሣና በዚያው ቀን የሁሉም ስም ይጻፍ። የሚቻል ከሆነም በየጊዜው በዚያው ስፍራ፣ በዚያው አቋቋም ይደገም። አያት በሚሠሩት ሥራ ላይ ሳሉ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ከብት ሲያስገቡ ይነሡ። ቤቱ፣ ግቢው፣ በር ላይ ያለው ዛፍ፣ ልጆቹ የተጠመቁበት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና የአባቶች መቃብር አይረሱ። ለእኛ የተለመደው ነገር በውጭ ለሚያድገው ልጅ እንግዳ ነው፤ ለልጅ ልጁም ብቸኛ ምስክር ይሆናል።

ክብርና ጥንቃቄ

ፎቶግራፍ የሚጠቅመውን ያህል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የተነሣውን ሰው ፈቃድ ማግኘት የሥራው መጀመሪያ ነው። ያረጀ አልበም ሲሰበሰብም ባለቤቱ ለቤተሰብ ብቻ እንዲሆን ከወሰነ ውሳኔው ይከበር። በስደተኞች መጠለያ የሚኖር ሰው ወይም ከዐረብ አገር በመከራ የተመለሰች እኅት ፊቷ በአደባባይ ቢወጣ አደጋ ወይም ኀፍረት ሊደርስባት ይችላል። የሕፃናትንም ፎቶ ከሙሉ ስምና ከአድራሻ ጋር በማኅበራዊ መገናኛ መለጠፍ አይገባም። የተቸገረን ሰው በችግሩ ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍም መታሰቢያ ሊባል አይችልም፤ ያ ሰው አባት፣ ባለሙያ፣ ዘማሪ መሆኑንም ማሳየት ይገባል።

በሌላ በኩል ደግሞ ፎቶግራፍ የተለያዩትን የሚያገናኝበት ጊዜ አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ «ትሬስ ዘ ፌስ» በተባለው አገልግሎቱ ወደ አውሮፓ በሚደረግ ስደት ዘመዶቻቸው የጠፉባቸው ሰዎች የራሳቸውን ፎቶግራፍ በማውጣት የጠፋውን እንዲፈልጉ ይረዳል። የሚወጣው የፈላጊው እንጂ የተፈላጊው ፎቶግራፍ አለመሆኑ ክብርና ጥንቃቄ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ ያሳያል። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱትንም ልጆች እናስታውስ። መንግሥት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ እስኪያስቀር ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ ከእነርሱ አድገው ወላጆቻቸውን የሚፈልጉ አሉ። ለእንዲህ ያለው ወጣት በጀርባው የእናት ስምና የቀበሌ ስም የተጻፈበት አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ከብዙ ወረቀት ይበልጥበታል።

የአጥቢያው ድርሻ

ይህን ሥራ ለመሥራት አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የአገሪቱን ታሪካዊ ፎቶግራፎች ይጠብቃል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የወጣቶች ሥራም ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ አሮጌ ፎቶግራፎችን በመጽሐፍ አሳትሟል። ይህ ተራው ቤተሰብ ያስቀመጠው አልበም የከተማ ታሪክ መሆኑን አሳይቷል። ለአዳማ፣ ለወንጂ፣ ለመተሐራና ለሻሸመኔ ግን ሥራውን ሊጀምር የሚችለው ከሁሉ በፊት የአካባቢው ሰው ነው።

ወንጂን እንመልከት። የሆላንድ ኩባንያ የነበረው ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘን ሠራተኞች መጥተው ሰፈሩ። ከምባታው፣ ሀዲያው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ሰፈር ኖሯል፤ ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ዛሬ የእነዚያ ልጆች ልጆች በብዙ አገር ይገኛሉ። የዚህን ኑሮ ፎቶግራፍ የያዙት የሠራተኞቹ ቤቶች ናቸው።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ ሦስት ነገር አላት። አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹን ታውቃቸዋለች፤ በየሰንበቱ ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አላት፤ ወጣቶቹ ስልክ ይዘዋል፣ መጠቀምም ያውቁበታል። ሦስተኛ፣ ስምን የመጠበቅ ልማድ አላት። በጥምቀት ጊዜ ስም ትሰጣለች፤ በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር ያረፉትን በክርስትና ስማቸው ታነሣለች። የማቴዎስ ወንጌልም የሚጀምረው በስሞች ዝርዝር መሆኑን እናስታውስ። ስለዚህ በፎቶግራፉ መዝገብ ውስጥ የክርስትና ስም ሲጻፍ ልጁ በውጭ አገር ሆኖ አያቱን በጸሎት ለማስታወስ የሚያስፈልገውን ያገኛል።

በሥራ ላይ ለማዋል የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ በወር አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሁለት ወጣቶችን ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ይላክ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመዝግብ። አልበሙ ከቤቱ አይውጣ፤ ቅጂው በዚያው ይነሣ። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ አንዱ ባለቤቱ ከፈቀደ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በውጭ ያሉ አጥቢያዎችም በዚያ ካሉት ቤተሰቦች ጋር ይህንኑ ያድርጉና ሁለቱ መዝገቦች ይገናኙ። የየአካባቢው እድርና ማኅበርም እንዲሁ ሊያግዝ ይችላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቤት ብቻውን ሊጀምር ቢፈልግም የሰው ፈቃድ አይጠብቅ። በመጪው በዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አልበሙ ይውረድ፤ ከአልበሙ ውስጥ 10 ፎቶግራፎች ይመረጡ፤ ታላቂቱ አያት ወይም ታላቁ አጎት ይጠየቁ፤ የሁሉም ስም በዚያው ምሽት ይጻፍ። በውጭ ያሉት ልጆችም በስልክ ይጠሩና አብረው ይስሙ። የቀሩት ፎቶግራፎች ለሚቀጥለው በዓል ይቆዩ፤ የሚናገሩት ሰው ግን እስከ ሚቀጥለው በዓል ስለ መቆየታቸው ማረጋገጫ የለንም።